በጣና ዳር ትናንሽ የባሕር ወንበዴ ሌጎዎችን መሰብሰብ

በ2008 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ከጀርመን ለእረፍት የመጣችው የአክስቴ ልጅ ለቤቱ ልጆች ካመጣቻቸው ስጦታዎች መካከል ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ አንዲት የሌጎ፣ ማለትም እየተሰካካ የሚገጣጠም የፕላስቲክ መጫወቻ፣ ካርቶን ነበረች። ልጆቹ በባትሪ የሚሄደውን መኪና ሲሻሙ ካርቶኗ ሶፋው ሥር ገብታ ቀረች፤ ማታ ቤቱ ሲጠረግ ወጣችና እኔ እጅ ገባች። ውስጧ አንድ የባሕር ላይ ወንበዴ፣ አንድ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ወታደርና ጥቂት እፍኝ የፕላስቲክ ፍሬዎች ነበሩ። ባሕር ዳር፣ ሽንብጥ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ገጣጠምኋት፤ ከዚያም የሠላሳ አራት ዓመት ሰው መሆኔን ረስቼ ሁለቱን ሰዎች ፊት ለፊት አቆምኋቸውና ይህ ወታደር የሚያገለግለው ማንን ነው፣ ወንበዴውስ ብቻውን እዚህ ምን ይሠራል እያልሁ አመሸሁ።

ዛሬ 31 ትናንሽ የወንበዴ ሌጎዎች አሉኝ፤ አንድም ፍሬ ሳይጎድላቸው ሙሉ ናቸው የምላቸው ግን 19 ብቻ ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ እነዚህን ዕቃዎች ደርድሮ የሚሸጥ ሱቅ እስካሁን ስላላጋጠመኝ ስብስቡን ያዩ ሰዎች ሁሉ ከየት እንደማመጣቸውና እንዴት እንደምለያቸው ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ያየሁትን፣ የተሳሳትሁትንም ጭምር፣ እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው።

በቅድሚያ ስለ መጠን ልናገር። የወንበዴ ሌጎ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ትልልቆቹ መርከቦች ነው። ቁጥሯ 6285 የሆነችው የ1989 እ.ኤ.አ. መርከብ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣችው 2,545 ፍሬ ያላት 21322 እና በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው 2,509 ፍሬ ያለው ምሽግ 10320 በእርግጥ የሚያስጎመጁ ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ካርቶን አንድ ሻንጣ ብቻውን ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ዋጋውም ለእንደኔ ያለ የወር ደመወዝተኛ የሚነካ አይደለም። እኔ ትናንሽ የምላቸው ከመቶ ፍሬ የማይበልጡትንና ከአንድ እስከ ሦስት ሰዎች ያሏቸውን ነው። እነዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካልሲው ውስጥ ጠቅልሎ ሊያመጣቸው ይችላል። ምክንያቴ ግን ገንዘብና ኪሎ ብቻ አይደለም፤ በትንሿ ካርቶን ውስጥ ታሪኩን የሚሸከመው ግድግዳው ወይም ሸራው ሳይሆን ሰውየው ራሱ ስለሆነ ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ሌጎን የሚሠራው የዴንማርኩ ኩባንያ ዛሬ የምናውቃቸውን እጅና እግራቸው የሚንቀሳቀስ ትናንሽ ሰዎች ያወጣው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመታት ያህል ባላባቱም፣ ፖሊሱም፣ የጠፈር ተጓዡም ፊታቸው አንድ ዓይነት ነበር፤ ሁለት ጥቁር ነጥብና አንድ ፈገግታ። በ1989 እ.ኤ.አ. ወንበዴዎቹ ሲመጡ ይህ ተለወጠ። ጢም ያለው፣ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ የሸፈነ፣ በእጁ ፋንታ መንጠቆ የገባለት፣ በአንድ እግሩ ፋንታ እንጨት የቆመለት ሰው ተሠራ፤ ጦጣውና በቀቀኑም አብረው መጡ። ዓይኑ የጠፋ ሰው ካያችሁ ዓይኑ እንዴት እንደጠፋ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ታሪኩ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። የዚያ ዓመት ቁጥር 6235 አንድ ወንበዴና አንድ የሀብት ሣጥን ያላት፣ እፍኝ የማትሞላ ካርቶን ናት፤ ነገር ግን ሣጥኑን ሊቀብረው ነው ወይስ ሊያወጣው የሚለው ጥያቄ ብቻውን አንድ ምሽት ያስወራል።

ስለ ፈጠራ ታሪኩ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ የተጻፈ ሙሉ ተረት ያለ እየመሰለው ነው። በትናንሾቹ ካርቶኖች ውስጥ ከመገጣጠሚያ ሥዕሉ በቀር የሚነበብ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚታወቀው እንደ አጥንት ነው፤ ሥጋውን የሚያለብሰው ባለቤቱ ነው። የወንበዴዎቹ አለቃ ካፒቴን ሬድቤርድ ይባላል፤ ቀይ ጢም ማለት ነው፤ በአውሮፓ ግን ካፒቴን ሮጀር በሚል ስም የሚያውቁት ብዙ ናቸው። በተቃራኒው የቆመው ገዥው ብሮድሳይድ ሲሆን ወታደሮቹ በ1989 እ.ኤ.አ. ሰማያዊ ኮት ለብሰው መጡ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቀይ የለበሱ ተተኩባቸው። በ1994 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ካሁካ የሚመራቸው የደሴት ነዋሪዎች፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የብረት ቆብ የደፉት የአርማዳ ሰዎች ተጨመሩ፤ ከዚያም ነገሩ ተቋርጦ በ2009 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ብሪክቤርድ በሚባል አዲስ አለቃ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአጭር ጊዜ ተመለሰ። የእኔዋ የመጀመሪያ ካርቶን የዚህ የመጨረሻው ዙር ናት።

ልብ በሉ፤ ሰማያዊ ለባሾቹ ፈረንሳዮችን፣ ቀይ ለባሾቹ እንግሊዞችን፣ የአርማዳዎቹ ስፔኖችን ቢመስሉም ካርቶኖቹ ላይ የማንም እውነተኛ አገር ስም የለም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ኮቱ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ለምን ተለወጠ? ገዥው ተሽሮ ነው? ሌላ ንጉሥ ደሴቶቹን ወስዷቸው ነው? መልስ የሚሰጥ ካርቶን ስለሌለ ሁለቱን ወታደሮች ጎን ለጎን ማቆም በራሱ ታሪክ ይሆናል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው በመጀመሪያ ከአንድ ዘመን አምስት ካርቶን ከመግዛት ይልቅ አንድ ወንበዴ፣ አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ ወታደር እንዲይዝ ነው፤ ሦስቱ ካሉ ጠብ አለ፤ ጠብ ካለ ደግሞ የሚወራ አለ።

ከእውነተኛው ታሪክ ጋር ማቀላቀል የሚወድ ሰው ካለ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሀብት መቅበር ለምሳሌ በወንበዴ ተረት ሁሉ ውስጥ ቢገኝም በእውን እጅግ አልፎ አልፎ የሆነ ነገር ነው። በደንብ የሚታወቀው ካፒቴን ዊሊያም ኪድ በ1699 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ አቅራቢያ በምትገኝ ጋርዲነርስ በምትባል ደሴት የቀበረው ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ሳይቆይ ተቆፍሮ ወጥቶ ማስረጃ ሆነበት፤ ሰውየውም በ1701 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ተሰቀለ። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው በጣም አዘነ። «ታዲያ ጋሼ፣ ካርታው ሁሉ ውሸት ነው?» አለኝ።

አሁን ወደ ማግኘቱ ልምጣ። እኔ የማገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ዘመድ ነው። ዘመድ ሲመጣ ግን «የወንበዴ ሌጎ አምጡልኝ» ማለት አይበቃም፤ ያኔ በሱቁ ያለውን ማንኛውንም ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት የእሳት አደጋ መኪና አለኝ። ስም ብቻ መጻፍም አይበጅም፤ ምክንያቱም የአንዱ ካርቶን ስም ከአገር አገር ይለያያል። የፈለጋችሁትን በካርቶኑ ላይ ባለው አራት ወይም አምስት አኃዝ ቁጥር ጻፉላቸው፤ ቁጥሩ የትም አይለወጥም። የቆዩትን ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ አስቀድማችሁ ከፍላችሁ በዘመዱ አድራሻ ማስላክ ትችሉ እንደሆነም አስቡበት። ከእነዚህ ገበያዎች ትልቁን፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን ብሪክሊንክን፣ ሌጎ ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ገዝቶታል፤ ባትገዙበት እንኳ የእያንዳንዱን ካርቶን የፍሬ ዝርዝር በነፃ ስለሚያሳይ ይጠቅማችኋል።

ከአሜሪካ የመጣና ከአውሮፓ የመጣ አንድ ቁጥር ያለው የቆየ ካርቶን መድፉ ላይ ሊለያይ እንደሚችልም እወቁ። በአውሮፓ የተሸጠው መድፍ በውስጡ ሞላ ስላለው ጥይቱን ይተኩሳል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ግን አይተኩስም። እኔ የመጀመሪያውን የማይተኩስ መድፍ የተበላሸ መስሎኝ በቢላዋ ጫፍ ልከፍተው ሞክሬ ጎኑን ላጥሁት፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።

ሁለተኛው መንገድ ሰልባጅ ነው። ከውጭ ከሚገባው ያገለገለ ልብስ ጋር አንዳንድ ጊዜ የልጆች መጫወቻም ይመጣል፤ ገበያ ውስጥ በሸራ ላይ ተዘርግቶ በእፍኝ ወይም በከረጢት ይሸጣል። ትዕግሥት ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተቀላቀለ ፕላስቲክ የሞላበት ከረጢት በ150 ብር ገዛሁ፤ ሻጩ «ጋሼ፣ ለስንት ልጅ ነው?» ሲለኝ «ለአንድ ነው» አልሁት፤ እውነቱን ነግሬዋለሁ ብዬ አምናለሁ። ቤት ስደርስ እናቴ ጤፍ የምትነፋበትን ሰፌድ ጠይቄ ሁሉንም ገለበጥሁበት። ሰፌድ ለዚህ ሥራ ወደር የለውም፤ ጠርዙ ፍሬው እንዳይንከባለል ይይዛል፤ ትንሽ ሲያንገዋልሉት ደግሞ ከባዱ ጡብ ወደ አንድ ወገን፣ ቀላሉ ሰይፍና ላባ ወደ ሌላ ወገን ይለያል። የጠርሙስ ክዳን፣ የአሻንጉሊት ጫማና የተሰበረ መኪና ከወጡ በኋላ ከታች አንድ ጥቁር ነገር ቀረች፤ የጥፍሬን ያህል ናት። በምራቄ አርሼ ሳብሳት ነጭ የራስ ቅልና የተጠላለፈ አጥንት ብቅ አለ። የካፒቴኑ ባርኔጣ ነበረች።

እንዲህ ያለ የተበታተነ ነገር ሲገኝ ከየትኛው ካርቶን እንደወጣ የሚታወቀው በፍሬ ቁጥር ነው። በአብዛኛው ጡብ ሆድ ውስጥ በጣም ደቃቅ አኃዞች ተቀርጸው ይገኛሉ፤ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቧቸው። የካፒቴኑ ባርኔጣ 2528፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ባርኔጣ 2544፣ በቀቀኑ 2546፣ ጦጣው 2550፣ የሣጥኑ ሥር 4738፣ ክዳኑ ደግሞ 4739 ተብለው ይመዘገባሉ። ቁጥሩን ዝርዝሩ ውስጥ ስትፈልጉ ያ ፍሬ የገባባቸው ካርቶኖች ሁሉ ይወጣሉ፤ ሁለትና ሦስት ፍሬዎችን ስታጋጥሙ ደግሞ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። እኔ ከዚያ ከረጢት ባርኔጣውን፣ አንድ ጭንቅላትና አንድ የእንጨት እግር አወጣሁ፤ ሰውነቱን ያገኘሁት ግን ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጡብ ከየትም ይተካል፤ ቡናማ አራት ማዕዘን ከእሳት አደጋ መኪናውም ይገኛል። የታተመ ሰውነትና የታተመ ፊት ግን ሌላ ቦታ የለም። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ከሌላው ሁሉ በፊት ሰውየውን አሟሉት።

ሰውየውን ስትገዙ ብብቱን እዩ። ክንዱ ከሚገባበት ቀዳዳ ወደ ታች የምትወርድ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ በቆዩት ሰዎች ላይ የተለመደች ናት፤ በፎቶ አትታይም፤ ክንዱን ነቅሎ መመለስም ያብስባታል። ሻጩን የጎን ፎቶ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ተዉት።

ስለ ሻጭ ካነሣሁ የደረሰብኝን ልናገር። በስልክ ያገኘሁት፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ነጋዴ የድሮውን ትንሽ የወንበዴ ካርቶን ከነሙሉ ሰዎቹ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ በ2,400 ብር ሸጠልኝ። በአውቶቡስ ተጭኖ ሲደርሰኝ በጉጉት ከፍቼ የወንበዴውን ጭንቅላት ገጠምሁት፤ ጭንቅላቱ እንደ ጠርሙስ ክዳን ይወዛወዛል። ጡቡን ወደ መብራት አዙሬ ሳየው የእያንዳንዱ ክብ ጉብታ አናት ልሙጥ ነው። በእውነተኛው ላይ በእያንዳንዱ ጉብታ አናት የኩባንያው ስም ተቀርጾ ይገኛል፤ ያለ እሱ የተሠራ ሌላ ኩባንያ ያመረተው ተመሳሳይ ነው። ደውዬ ብነግረው «ልጆች አይለዩትም» አለኝ። ተመሳሳዩን መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ እኔም ለታንኳ መሥሪያ እያወቅሁ በርካሽ ገዝቻለሁ፤ የሚያናድደው በኦሪጅናል ዋጋ መሸጡ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የአንድ ጡብ አናት በቅርብ የተነሣ ፎቶ ይላክላችሁ።

አያያዙን በሚመለከት የእኛ ከተማ ፀሐይ ዋና ጠላት ናት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጨረሩ ብርቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ካርቶኖች ጣናን እንዲያዩ ብዬ በመስኮት ዳር ደርድሬአቸው ነበር፤ በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ላይ ነጩ የሸራ ምሰሶ የቅቤ መልክ ይዞ፣ ግራጫው ድንጋይ ቡኒ ሆኖ አገኘሁት። በመድኃኒት ቤት የሚገኘው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቢጫውን በተወሰነ ደረጃ ይመልሰዋል፤ ነገር ግን ፕላስቲኩን ሊያደርቀው ስለሚችልና ቢጫውም ሊመለስ ስለሚችል ሥዕል የታተመበትን ፍሬ እንዳታስነኩት። አሁን ስብስቤ በኮሪደሩ፣ ፀሐይ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ነው። ስታጥቡም ለብ ያለ ውኃና ቀላል ሳሙና ይበቃል፤ ከ40 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ይህን የተማርሁት የሰልባጁን ከረጢት ከጀርም ላጽዳ ብዬ የፈላ ውኃ ካፈሰስሁበት በኋላ ነው፤ ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ ፍሬዎች እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዛቸው ተነሥቶ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲያ ከምንም ጋር አይገጥሙም።

ጠርዛቸው የተነሣውን ፍሬዎች ግን አልጣልኋቸውም። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ወንበዴዎቹ በመርከብ ሳይሆን በታንኳ መምጣት አለባቸው ብሎ ድርቅ አለ፤ «ጣና ላይ ትልቅ መርከብ ይታያቸዋል» ነው ምክንያቱ። ሁለታችን ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን ከደንገል የታሠረች ታንኳ አፍንጫዋ እንዴት ወደ ላይ እንደሚቀና ለረጅም ጊዜ አየን፤ ከዚያም የገለባ ቀለም ካላቸው ረጃጅም ፍሬዎች አካሏን ሠርተን የተጣመሙትን ሁለቱን ከፊትና ከኋላ ሰካናቸው፤ ባይገጥሙም በክር አሠርናቸው። ከወንበዴ ካርቶኖች የሚወጣውን ሻርክ ግን አልተቀበለውም። ጣና ውስጥ ሻርክ እንደሌለ ያውቃል፤ በቦታው ከሌላ መጫወቻ የመጣ፣ ከታንኳዋ የሚበልጥ ጉማሬ አቆመበት።

ታሪኩንም የገለበጠው እሱ ነው። በካርቶኖቹ ላይ ሀብቱ ያለው ወንበዴው እጅ ሲሆን ወታደሩ ያሳድደዋል። ለጣና ዳር ልጅ ግን ሀብት የሚቀመጠው በደሴት ላይ ባለ ገዳም ዕቃ ቤት ነው፤ ክብራን ገብርኤልን ከሩቅ እያየ፣ ታቦተ ጽዮን በጣና ቂርቆስ 800 ዓመት ቆይታለች የሚለውን ትውፊት ከአያቱ እየሰማ ነው ያደገው። ስለዚህ በእሱ ጨዋታ ሰማያዊው ወታደር የብራና መጻሕፍት ጠባቂ ነው፤ ቀይ ለባሹ ጉቦ የሚወድ ባልደረባው ነው፤ ካፒቴኑ ደግሞ ነጋዴ መስሎ ከዘጌ ቡና ጭኖ ይመጣል። እኔ ለዓመታት ኮቱ ለምን ቀይ ሆነ እያልሁ ስጨነቅ እሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰው።

ዛሬ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቡናማ 4739። የሣጥኑን ሥር ከሰልባጅ ካገኘሁት አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ክዳኑ ግን የለም። በሚቀጥለው ፋሲካ ለሚመጣ ዘመድ ቁጥሩን ጽፌ ሰጥቻለሁ። እስከዚያ ድረስ የእህቴ ልጅ ሣጥኑን በጤፍ ሞልቶ፣ እንዳይፈስ በሰም አሽጎ ታንኳዋ ላይ ጭኖታል።